ሪፕሊ፣ ዴኒከር፣ ጉንተር፦ በአውሮፓ «የአካል ዓይነቶች» ላይ የተነሳ ክርክር ከ19 መልሶቹ ጋር

ክሩን (ተከታታይ መልስ የሚጻፍበትን ውይይት) የከፈተው ሰው ጠየቀ ይባል እንጂ መልሱን በኪሱ ይዞ ነው የመጣው። አሜሪካዊው ዊልያም ሪፕሊ በ1899 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአውሮፓን ሰው በሦስት «ዘር» ከፍሎት ነበር። በሰሜን ቁመቱ ዘለግ፣ ራሱ ረዘም፣ ጸጉሩ ወርቃማ የሆነው ቴውቶኒክ፤ በመካከለኛው ተራራማ አገር ራሱ ክብ፣ ሰውነቱ ደንደን፣ ጸጉሩ ቡናማ የሆነው አልፓይን፤ በደቡብ ደግሞ አጠር፣ ቀጠን፣ ጠቆር ያለውና ራሱ ረዘም የሚለው ሜዲትራኒያን። በ2014 እና በ2015 የጥንት አጥንት ዲኤንኤ ያነበቡ ቡድኖች ደግሞ የዛሬው አውሮፓዊ በዋናነት ከሦስት የጥንት ሕዝቦች የተቀየጠ ነው አሉ። ሦስት እዚያ፣ ሦስት እዚህ። እንግዲህ ካሊፐር (የራስ መለኪያ መሣሪያ) የያዙት አዛውንት ልክ ነበሩ፣ ስማቸው የጠፋው በፖለቲካ ነው፤ የሚቃወም ካለ ቁጥር ይዞ ይምጣ ብሎ ዘጋ።

ቁጥር ይዘው መጡለት።

መልስ 1፦ በጣም ትሁት ነው። ጠያቂውን በ«እርስዎ» እያነጋገረ ሦስት የሚለው ቁጥር የሪፕሊ ብቻ መሆኑን ያስታውሳል። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ዴኒከር በዚያው ዘመን፣ አብዛኛውን በዚያው መረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ 6 ዋና እና 4 ንዑስ ዘሮች አወጣ። «ኖርዲክ» የሚለውንም ስም የሰጠው እሱ ነው። ጀርመናዊው ሃንስ ጉንተር በ1922 አምስት አደረጋቸው፦ ኖርዲክ፣ ሜዲትራኒያን፣ ዲናሪክ፣ አልፓይን እና ምሥራቅ ባልቲክ፤ ቆይቶ ስድስተኛ ጨመረ። ካርልተን ኩን በ1939 ከአሥር አሳለፋቸው። ሰዎቹ አልተለወጡም፣ አህጉሩም ያው ነው። የዘሩ ብዛት እንደ ጸሐፊው የሚለያይ ከሆነ ከዲኤንኤው ሦስት ጋር መገጣጠሙ ምን ያስረዳል ብሎ በጥያቄ ጨረሰ።

መልስ 2፦ ሁለት መስመር ናት። ስሙ ይለያይ እንጂ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ሰው እየነጣ መሄዱን ዓይን ያያል ትላለች። ይህን ማንም አልካደም።

መልስ 3፦ ዲኤንኤውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሦስቱን የጥንት ሕዝቦች በስም ይዘረዝራል፦ የምዕራብ አውሮፓ አዳኞችና ለቃሚዎች፣ ከዛሬ 8,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአናቶሊያ የገቡ ገበሬዎች፣ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ካለው ሜዳ የመጡ ከብት አርቢዎች። እነዚህ ሦስቱ የየአገሩ ነዋሪዎች አይደሉም፤ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ያሉ ድርሻዎች ናቸው። የሰርዲኒያ ሰው የገበሬው ድርሻ ይበዛበታል፣ በሰሜን የከብት አርቢው ይበዛል፣ መካከሉ ደረጃ በደረጃ የሚለወጥ ነው። ለአልፓይን የሚሆን የጥንት ሕዝብ የለም። መልክም ቢሆን እንደ ሪፕሊ ጥቅል አብሮ አይጓዝም። ስፔን ውስጥ ላ ብራኛ በተባለ ዋሻ የተገኘውና በ2014 የታተመው የ7,000 ዓመት ሰው ቆዳው ጠቆር ያለ፣ ዓይኑ ሰማያዊ መሆኑን ጂኖቹ ያመለክታሉ። ቆዳን ከሚያነጡት ጂኖች ዋናውን በብዛት ይዘው የገቡት ከደቡብ ምሥራቅ የመጡት ገበሬዎች ናቸው። ከሜዳው የመጡት ከብት አርቢዎች ደግሞ በአብዛኛው ዓይናቸው ቡናማ ነበር። ሰማያዊ ዓይን፣ ነጭ ቆዳና የሜዳው ደም በሦስት የተለያዩ በሮች ገብተው በኋላ ሰሜን ላይ ተገናኙ እንጂ አንድ ላይ የመጡበት ጊዜ የለም።

መልስ 4፦ እዚህ ላይ ክሩ ወደ እጅ ሥራ ወረደ፤ ለእኔ ከሁሉ የተሻለው ክፍል ይህ ነው። መላሹ የራስ መለኪያው፣ ሴፋሊክ ኢንዴክስ የሚባለው፣ እንዴት እንደሚወሰድ ያስረዳል። ስዊድናዊው አንደርስ ሬትሲየስ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው ሲሆን ስሌቱ ቀላል ነው፦ የራስ ስፋት ለራስ ርዝመት ይካፈላል፣ በ100 ይባዛል። መሣሪያው ክንዶቹ ወደ ውጭ የጎበጡ፣ ጫፎቹ የተድቦለቦሉ ካሊፐር ነው። መጀመሪያ ይዘጋና ዜሮ ማንበቡ ይረጋገጣል። ተለኪው ይቀመጣል፣ ለኪው በጎኑ ይቆማል። በግራ እጅ ጣቶች አንዱ ጫፍ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ባለችው ጉብታ ላይ ይያዛል። ሌላው ጫፍ በራስ ቅሉ ጀርባ፣ በመሃል መስመር ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ትልቁ ንባብ ርዝመት ነው። ለስፋቱ ሁለቱም ጫፎች ከጆሮ በላይ እኩል ከፍታ ላይ ሆነው ክብ ክብ እየሠሩ ይፈለጋል፤ እዚህም ትልቁ ንባብ ይያዛል።

የሚበላሸውም እዚሁ ነው። የፊተኛው ጫፍ ከጉብታዋ ሸርተት ብሎ ወደ አፍንጫ ሥር ከወረደ ርዝመቱ ያጥራል። የኋለኛው ከመሃል መስመር ከወጣም እንዲሁ። ጸጉር ከበዛና ለኪው ካልተጫነ ይጨምራል፤ አንዱ ለኪ ቆዳው እስኪሰረጉድ ይጫናል፣ ሌላው በስሱ ይነካል። ምሳሌው ይህ ነው፦ ርዝመት 190 ሚሊሜትር፣ ስፋት 152፤ ኢንዴክሱ 80.0 ይሆናል። በሕያው ሰው መለኪያ ከ76 እስከ 80.9 «መካከለኛ ራስ» ይባላል፣ ከ81 ጀምሮ «ክብ»። ለኪው ርዝመቱን በ3 ሚሊሜትር አሳስቶ 187 ካለ 81.3 ይወጣል። ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ አልፓይን ሆነ።

መልስ 5፦ የ4ኛውን ምሳሌ ያደንቅና አንድ ነገር ያርማል። ሁለት መስፈርት ነው ያለው። ለደረቅ አጥንት ድንበሩ 75 እና 80 ነው፤ ለሕያው ራስ ቆዳና ሥጋ ስላለበት 76 እና 81። ፈረንሳዊው ሐኪም ብሮካ ከሕያው ራስ ኢንዴክስ 2 ቀንሶ ከአጥንት ጋር ያወዳድር ነበር፤ 1 ብቻ የሚቀንሱም ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰንጠረዦች ውስጥ ግን የመቃብር አጥንትና የምልምል ወታደር ራስ ያለ ቅናሽ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ። አያይዞም ራስ ቅሉ ሲለካ እንዴት ዘንበል እንደሚል እንኳ ፈረንሳዮችና ጀርመኖች አይስማሙም ነበር ይላል። በ1882 ፍራንክፈርት ላይ የጆሮ ቀዳዳን የላይ ጠርዝና የዓይን ጉድጓድን የታች ጠርዝ በአንድ አግድም መስመር የሚያውል ስምምነት እስኪደረግ ድረስ የቁመትና የፊት ልኮች እርስ በርስ አይነጻጸሩም።

መልስ 6፦ ጠያቂው ተመለሰ፣ ተቆጥቷል። እስከ አሁን «እርስዎ» የነበረው እዚህ ላይ «አንተ» ሆነ። 3 ሚሊሜትር በአንድ ሰው ላይ ቢሳሳት ምን አለበት ባይ ነው። ሪዶልፎ ሊቪ በጣሊያን 299,355 ወታደሮችን ይዞ ነው የሠራው፤ ስህተቱ በብዛት ውስጥ ይጣፋል፤ ካርታውም ላይ ሰሜን ጣሊያን ክብ፣ ደቡብና ሰርዲኒያ ረጅም ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህን ካርታ ማን ፈጠረው ሲል ይጠይቃል።

መልስ 7፦ ያው የ4ኛው ሰው ነው፣ አጸፋውም ሰላ ብሏል። ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ስህተት በብዛት ይጣፋል፣ ወደ አንድ ወገን ያደላ ስህተት ግን አይጣፋም፤ አንዱን አውራጃ ተጫኝ ለኪ፣ ሌላውን ስስ ለኪ ከሠራው ልዩነቱ በካርታው ላይ ድንበር መስሎ ይቀራል። የሊቪን ካርታ ግን አይክድም፤ የአማካዮች ልዩነት እውነት ነው። ችግሩ አማካይን ሰው ማድረግ ነው ይልና የኦቶ አሞንን ነገር ያነሳል። አሞን በጀርመን ባደን ግዛት በሺህ የሚቆጠሩ ምልምሎችን የለካ ሰው ነው። ሪፕሊ ለመጽሐፉ የሚሆን የ«ንጹሕ» አልፓይን ፎቶግራፍ ላክልኝ ቢለው ሊያገኝለት አልቻለም። ክብ ራስ ያለው ሁሉ ወይ ጸጉሩ ወርቃማ ነው፣ ወይ ረጅም ነው፣ ወይ አፍንጫው ቀጭን ነው፤ ብቻ መሆን የማይገባው አንድ ነገር አያጣም። ይህን ያጻፈው ጠላቱ አይደለም፤ ሪፕሊ ራሱ ነው በመጽሐፉ ያሰፈረው። አስፍሮት ሲያበቃ በሦስቱ ዘሮቹ ቀጠለ።

መልስ 8፦ አጭር የሒሳብ መልስ። በአንድ አውራጃ ከመቶው 50 ዓይነ ሰማያዊ፣ 40 ወርቃማ ጸጉር፣ 50 ረጅም ቁመት፣ 30 ረጅም ራስ ቢኖር፣ ምልክቶቹም ካልተያያዙ፣ አራቱን አንድ ላይ የያዘው ከመቶ 3 ሰው ነው። በእርግጥ የጸጉርና የዓይን ቀለም በመጠኑ ይያያዛሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይላል። ስዊድን ውስጥ ጉስታፍ ሬትሲየስ (የአንደርስ ልጅ) እና ካርል ፉርስት 45,000 ያህል ምልምሎችን ለክተው በ1902 ባሳተሙት ሥራ ሁሉንም ምልክት አሟልቶ የተገኘው «ንጹሕ» ኖርዲክ ከመቶ 11 አካባቢ ነበር። ያውም በኖርዲክ አገር። ቀሪው 89 ምን ይባል?

መልስ 9፦ ከዚሁ ተነስቶ ወደ ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ ይሄዳል። ፊርሾ በ1870ዎቹ 6.76 ሚሊዮን የጀርመን ተማሪዎችን ዓይን፣ ጸጉርና ቆዳ በመምህራን አስቆጥሮ ውጤቱን በ1886 አወጣ። ወርቃማ ጸጉርና ሰማያዊ ዓይን አሟልተው የተገኙት 32 ከመቶ ያህል፣ ጠቆር ያሉት 14፣ ቅይጦቹ 54 ሆኑ። ከአይሁድ ተማሪዎችም 11 ከመቶው በወርቃማዎቹ መደብ ውስጥ ገቡ፤ ጀርመንና አይሁድ በመልክ ይለያሉ ለሚሉት መራራ ቁጥር ነበር። መላሹ ግን ፊርሾንም አይምርም። የተቆጠሩት ልጆች ናቸው፤ በ7 ዓመቱ ጸጉሩ ወርቃማ የሆነ ልጅ በ20 ዓመቱ ቡናማ መሆኑ በዚያ አገር የተለመደ ነው። 32 የሚለው ቁጥር ለአዋቂ ቢሆን ዝቅ ይላል።

መልስ 10፦ ለቀልድ ያህል ይመስላል የገባው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቤዶ በ1885 ባወጣው ሥራ የ«ጥቁረት ኢንዴክስ» የሚባል ነበረው። መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው በካርድ ላይ እየመዘገበ፣ የጠቋራ ጸጉሩን ቁጥር ይወስድና የከሰል ጥቁሩን ሁለት ጊዜ ይደምራል፤ ከዚያ ቀዩንና ወርቃማውን ይቀንሳል። ከ100 ሰው 35 ጠቋራ፣ 5 ከሰል ጥቁር፣ 5 ቀይ፣ 15 ወርቃማ ቢሆኑ፣ 35 ሲደመር 10 ሲቀነስ 5 ሲቀነስ 15 ይሆንና 25 ይወጣል። የተቀሩት 40 ቡናማዎች ከስሌቱ የሉም። ጥቁሩ በሁለት የሚባዛው ለምንድን ነው፣ በሦስትስ ለምን አልሆነም? ካርታው በዚህ ብዜት ላይ ተንጠልጥሏል። ባርኔጣ ያደረገውስ እንዴት ተቆጠረ ብሎ ስቆ ይወጣል።

መልስ 11፦ ከርዕሱ ወጣ። ይህ ሁሉ የፈረንጆች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል።

መልስ 12፦ አገባን ይላል፣ ረጅምም ነው። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ሴርጂ በ1890ዎቹ የሜዲትራኒያን ዘር መነሻው አፍሪካ ነው ብሎ ጻፈ። ሴፋሊክ ኢንዴክስን ንቆ ራስ ቅልን ከላይ እያየ በቅርጽ ይመድብ ነበር፦ እንቁላልማ፣ ሞላላ፣ ባለ አምስት ማዕዘን። በዚህ ዘዴ የአፍሪካ ቀንድን ሰው፣ ግብፃዊውን፣ ደቡብ ጣሊያኑን፣ ወርቃማውን ሰሜናዊ ሳይቀር በአንድ «ኢውራፍሪካዊ» ዝርያ ሥር አገባቸው። ኩንም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ ሰው ለክቷል፤ በ1939ኙ የአውሮፓ መጽሐፉ ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካን ሕዝቦች የሜዲትራኒያን ዘር ዘርፍ አድርጎ ምዕራፍ ውስጥ ከትቷቸዋል።

አሁን ቀኖቹን ተመልከቱ ይላል መላሹ። ጣሊያን በ1936 አዲስ አበባ ገባች። ሚያዝያ 1937 ላይ ጣሊያናዊ ዜጋ ከቅኝ ተገዥ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጣ። ሐምሌ 1938 በ10 ምሁራን ስም የወጣው የዘር ማኒፌስቶ ደግሞ በ8ኛው አንቀጹ የአውሮፓን ሜዲትራኒያኖች ከምሥራቆችና ከአፍሪካውያን ለይቶ፣ የአውሮፓ ሕዝቦችን ከአፍሪካ የሚያስመጣና ሴማውያንን ከካማውያን ጋር በአንድ የሜዲትራኒያን ዘር የሚያጠቃልል ትምህርት አደገኛ ነው አለ። የሴርጂን ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገው። በእነዚያ አርባ ዓመታት ውስጥ የሰው ራስ ቅል አልተለወጠም። ከ10ሩ አንዱ ሊዲዮ ቺፕሪያኒ በአፍሪካ እየዞረ የሕያው ሰው ፊት ላይ ጀሶ እያፈሰሰ ጭምብል ሲያወጣ የኖረ ሰው ነበር። ልኩ ያው፣ ጀሶው ያው፣ የተለወጠው ሕጉ ነው።

መልስ 13፦ እንግዲያማ እኛም ከሜዲትራኒያኑ ነበርን ብሎ ደስ ያለው ሰው። የባሰ አታምጣ የሚያሰኝ ነው።

መልስ 14፦ ይህንን ሰው ያለ ምሕረት ያጥበዋል። ሜዲትራኒያን መባል ማንን ጠቀመ ሲል ይጠይቃል። ሜዲሰን ግራንት የተባለ የኒው ዮርክ ጠበቃ በ1916 ሦስቱን የሪፕሊ ዘሮች ወስዶ፣ ቴውቶኒኩን ኖርዲክ ብሎ፣ ደረጃ አውጥቶላቸው ነበር። በ1924 የአሜሪካ ኮንግረስ የስደተኛ ኮታን በ1890 ቆጠራ ላይ በነበረው የየአገሩ ተወላጅ 2 ከመቶ አደረገው። በ1921ዱ ሕግ 42,057 የነበረው የጣሊያን ኮታ ወደ 3,845 ወረደ። እውነተኛ የሲሲሊ ሰው እንኳ በዚህ ስም በር ተዘግቶበታል፤ አንተ ከአዲስ አበባ ሆነህ የማን ግብዣ ላይ ነህ የሚል ነው ነገሩ። አወያዩ እዚህ ላይ ገብቶ ሁለቱንም በልክ እንዲናገሩ አስጠነቀቀ። መብቱ ነው፤ ይሁንና መልሱን አላጠፋውም።

መልስ 15፦ ክሩን ወደ ራስ ቅል ይመልሰዋል። አንትሮፖሎጂስቱ ፍራንዝ ቦአስ ኒው ዮርክ ላይ ወደ 18,000 የሚጠጉ ስደተኞችንና ልጆቻቸውን ለክቶ በ1911 ለኮንግረሱ የስደተኞች ኮሚሽን አቀረበ። አሜሪካ የተወለዱት የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ልጆች ከውጭ ከተወለዱት ይልቅ ራሳቸው ረዘመ፤ የደቡብ ጣሊያኖቹ ልጆች ደግሞ ከበብ አለ። በአንድ ትውልድ የሚንቀሳቀስ ምልክት የ5,000 ዓመት ዘር መለያ አይሆንም።

መልስ 16፦ ቦአስን ለቀቅ አድርጉት ይላል። ስፓርክስና ጃንትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 ያንኑ መረጃ እንደገና ቢያሰሉት ለውጡ ትንሽ ነው፣ የውርስ ድርሻው ይበልጣል ብለዋል። እውነት ነው። ሆኖም ግራቭሊና ባልደረቦቹ በ2003 እንደገና አስልተው ቦአስ በዋናው ነገር ልክ ነበር አሉ። መላሹ ሁለቱም የተጣሉት በመጠኑ እንጂ ለውጥ በመኖሩ አይደለም ብሎ ያስታርቃቸዋል። ከዚያ ዩዊንግ በ1950 ያወጣውን የሊባኖስ ጥናት ይጨምራል። እዚያ ሕፃን በጀርባው ሆኖ ከእንቅልፍ አልጋው ጋር እየታሰረ ስለሚያድግ የራሱ ጀርባ ይደፈጠጣል፤ ርዝመቱ ሲያጥር ኢንዴክሱ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ ያለ እስራት ያደጉት ልጆች ድፍጥጡ የላቸውም። «ዲናሪክ» እና «አርመኖይድ» ለተባሉት «ዘሮች» ዋና ምልክት ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ጠፍጣፋ የራስ ጀርባ ነው። ጠያቂው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

መልስ 17፦ አሁንም ወጣ ያለ፣ ግን ጠቃሚ። የነፍሰ ጡር አልትራሳውንድ ወረቀት ላይ «ዶሊኮሴፋሊ» የሚል አይተው የደነገጡ አሉና ምን ማለት ነው የሚል።

መልስ 18፦ የጤና ባለሙያ አጻጻፍ ነው። ቃሉ («ረጅም ራስ» ማለት ነው) ያው የሬትሲየስ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ። የፅንሱ ራስ ስፋት ለርዝመቱ ተካፍሎ በ100 ሲባዛ አማካዩ 78 አካባቢ፣ የብዙዎቹም ከ74 እስከ 83 ነው። ፅንሱ በመቀመጫው ሲመጣ ወይም የሽርት ውሃ ሲያንስ ራሱ ከጎን ይጨመቅና ይረዝማል። ያኔ በራስ ስፋት ብቻ የእርግዝና ዕድሜ ከተሰላ ከእውነተኛው ያንሳል፤ ስለዚህ የራስ ዙሪያ ይወሰዳል። ከተወለደ በኋላም በጀርባው የሚተኛ ሕፃን ራሱ ቢጠፈጠፍ በአብዛኛው አያስደነግጥም፤ ለድንገተኛ ሞት መከላከያ ሲባል በጀርባ ማስተኛቱ ይቀጥላል፣ ነቅቶ ሲጫወት ደግሞ ሰው እያየው በሆዱ ይደረጋል።

መልስ 19፦ የመጨረሻው ነው፤ አንድ ልቅም ያለ ሰው ወደ 4ኛውና ወደ 5ኛው ተመልሶ ሒሳቡን ያስተካክላል። ያ 80.0 የወጣለት ራስ በሕያው ሰው መለኪያ መካከለኛ ነው። የአጥንቱን ድንበር ያለ ቅናሽ ያዋሉበት ግን 80 ላይ ስለሚጀምር ክብ ይሉታል፤ ለኪው ምንም ሳይሳሳት ማለት ነው። በ3 ሚሊሜትር የተሳሳተው 81.3 ደግሞ ወደ አጥንት ሲቀየር 1 የሚቀንሰው ዘንድ 80.3 ሆኖ ክብ ይባላል፣ እንደ ብሮካ 2 የሚቀንሰው ዘንድ 79.3 ሆኖ ወደ መካከለኛ ይመለሳል። የ4ኛው ሰው ከሥሩ የመስማማት ምልክት አኑሮበታል፤ ከዚያ በኋላ የጻፈ የለም።